ተዋናይ ብዕር ሲያነሣ፦ ከመድረክ ወደ ቴሌቪዥን ድራማ ድርሰት

(በአሶሳ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማዋ ነዋሪዎች ክፍት ሆኖ የቀረበ የሕዝብ ንግግር ግልባጭ። ለንባብ እንዲመች የቃል ድግግሞሾች ተቀንሰዋል።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን በኪነ ጥበብ ሙያ ውስጥ ስለሚታይ አንድ ሽግግር ነው። በመድረክ ላይ ቆሞ ሌላ ሰው የጻፈለትን ቃል ሲናገር የኖረ ተዋናይ፣ አንድ ቀን ብዕር አንሥቶ ለቴሌቪዥን ድራማ ሲጽፍ ምን ይዞ ይሻገራል? በመሻገሩስ ምን ይጠየቃል? ጥያቄው የቴአትር ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። አሶሳ ላይ ቆመን ስናነሣው ግን ከዚያ የሰፋ ነገር የያዘ መሆኑን ላሳያችሁ እሞክራለሁ።

አንድ የአዲስ አበባ ወይም የሐዋሳ የቴሌቪዥን ተመልካች ስለ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚያውቀውን አስቡ። ጉባ ላይ የቆመውን የዓባይ ግድብ ያውቃል፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ግንባታው መጀመሩ ሲበሠር ሰምቷል። መተከል ውስጥ ስለደረሰው ግጭትና መፈናቀል በዜና ተነግሮታል። ምናልባት ስለ ወርቅ፣ ስለ ማንጎና ስለ ቀርከሃ አንድ ዘጋቢ ፊልም አይቷል። የበርታ እናት ከልጇ ጋር ስትከራከር፣ የሽናሻ ሽማግሌ በከባድ ነገር መካከል ቀልድ ሲጥሉ፣ አያቱ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ወጣት በአሶሳ ገበያ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው እየዘለለ ሲገበያይ ግን እምብዛም አላየም። ግድቡን የሚያውቅ ሰው በግድቡ አቅራቢያ የሚኖሩት ሰዎች እራት ላይ ምን እንደሚነጋገሩ አያውቅም። ይህን ክፍተት ዜና አይሞላውም፤ የዜና ሥራም አይደለም። የድራማ ሥራ ነው። ድራማ ደግሞ ጸሐፊ ይፈልጋል፤ እኔም ጸሐፊውን ከተዋንያን መካከል መፈለግ ያለብን ይመስለኛል።

በቅድሚያ ነገሩ በሀገራችን እንዴት እንደነበረ በአጭሩ እንይ። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትር የተጀመረው በጸሐፊ እጅ ነው። በሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳት ምሳሌዎችን ይዘው በጻፉት ኮሜዲ የቤተ መንግሥቱን አሠራር ነቀፉ፤ ተውኔቱም ታገደ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። በመክፈቻው የታየው «ዳዊትና ኦርዮን» የመኰንን እንዳልካቸው ድርሰት ነበር። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር እንደነበሩ ልብ በሉ። ጸሐፊው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ተዋናዩ ደግሞ ማኅበረሰቡ «አዝማሪ» እያለ ዝቅ አድርጎ የሚያየው ሰው! በቃሉ ባለቤትና በቃሉ ተናጋሪ መካከል የነበረውን ርቀት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ርቀቱን ያጠበቡት ሁለቱንም የሠሩ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ተስፋዬ ገሠሠ ናቸው። ተዋናይ ሆነው ጀመሩ፤ አሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቴአትር አጥንተው ተመለሱ፤ አዘጋጅ፣ መምህርና የቴአትር ቤት ኃላፊ ሆኑ፤ «የሺ» እና «ዕቃው»ን የመሳሰሉ ተውኔቶችን ጻፉ። ወጋየሁ ንጋቱን ደግሞ ሌላ ዓይነት ማስረጃ አድርጌ እወስደዋለሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በመጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ነገር ግን ፊደል ላልቆጠረው ገበሬና ለቤት እመቤቷ የደረሰው ወጋየሁ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። መድረክ ላይ የበሰለ ተዋናይ አፍ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱን ትንፋሽ አገኘ። ወጋየሁ ልብ ወለዱን አልጻፈውም፤ ዳሩ ግን አንድ ተዋናይ ከታተመ ገጽ ውስጥ ምን ያህል ድምፅ ሊያወጣ እንደሚችል አሳየን። ሂደቱን ገልብጠን ብናስበውስ? ድምፁን አስቀድሞ የሰማ ሰው ገጹን ቢጽፍስ?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን ዘመን በሙሉ መተረክ ጊዜያችንን ይበላል። ለጉዳያችን የሚያስፈልገን ይህ ብቻ ነው፦ ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ «ገመና»፣ «ሰው ለሰው»፣ «ቤቶች»፣ «ዘመን» የመሳሰሉ ተከታታይ ድራማዎች ሰፊውን ተመልካች ሲይዙ፣ ሸክሙን የተሸከሙት በአመዛኙ ከመድረክ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። በ«ሰው ለሰው» ውስጥ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን የማያስታውስ ተመልካች ጥቂት ነው። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ ማቅረብ ሲጀምር በባለሙያዎች ዘንድ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ስለ ሥራ ዕድልና ስለ ባህል ነበር። እኔ ግን ከድርሰት አንጻር አንድ ሌላ ትምህርት አየሁበት፦ ቃሉ አማርኛ ሆኖ የሰዎቹ አነጋገር የማንም ሰፈር አልነበረም። ተመልካቹ ታሪኩን ተከተለ እንጂ ጎረቤቱን አልሰማም።

ሽግግሩን በቅርብ ዘመን ካሳዩን ኢትዮጵያውያን መካከል አዜብ ወርቁን ማንሣት ይገባል። አዜብ በመድረክ ተዋናይነት የሠራች፣ የፈረንሳዊውን የሮበር ቶማ ተውኔት «8ቱ ሴቶች» በሚል ርእስ ወደ አማርኛ የመለሰች ባለሙያ ናት። ኋላም ከቅድስት ይልማና ከቤዛ ኃይሉ ጋር «እረኛዬ» የተሰኘውን ተከታታይ ድራማ ጻፈች፤ ድራማው በአርትስ ቴሌቪዥን ቀርቦ ብዙ ተመልካች አገኘ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው መካከለኛው እርምጃ ነው፦ ትርጉም። ተውኔት የሚተረጉም ተዋናይ የሌላውን ጸሐፊ አሠራር ብሎን በብሎን ይፈታዋል። ስምንት ሴቶች በአንድ ቤት ተዘግተው እርስ በርስ ሲጠረጣጠሩ፣ እያንዳንዷ መቼ ምን እንደምትደብቅ ተርጓሚዋ አንድ በአንድ ማወቅ አለባት፤ አለዚያ የአማርኛው ቃል በተሳሳተ ቦታ ምስጢር ያወጣል። ከዚህ የተሻለ የተከታታይ ድራማ ትምህርት ቤት ማሰብ ይቸግረኛል። ለመጻፍ የምትፈልጉ ተማሪዎች ሆይ፣ መጀመሪያ አንድ ተውኔት ተርጉሙ።

አሁን ከሀገር ልወጣ ነው፤ ምክንያቴንም ልናገር። የአጻጻፍ ሂደታቸውን፣ የውል ድርድራቸውን፣ የረቂቆቻቸውን ቁጥር ሳይቀር በአደባባይ የተናገሩ ባለሙያዎች ጥቂት ናቸው። ከእነዚያ መካከል እርምጃዋን ደረጃ በደረጃ ልንከተለው የምንችለው ከጋና ወላጆች ለንደን ውስጥ የተወለደችው ሚካኤላ ኮል ናት። የእርሷን መንገድ የማቀርብላችሁ እንድትቀዱት አይደለም፤ ሽግግሩ እንዴት እንደሚሠራ ውስጡ ስለሚታይበት ነው።

ኮል እ.ኤ.አ. በ1987 ተወለደች። እናቷ ብቻቸውን ያሳደጓት በምሥራቅ ለንደን፣ በመንግሥት የኪራይ ቤቶች መንደር ውስጥ ነው። የጀመረችው በግጥም ነው፤ በትናንሽ መድረኮች ግጥሟን በቃሏ ታቀርብ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብታ አቋረጠች። እ.ኤ.አ. በ2009 ጊልድሆል የሙዚቃና የድራማ ትምህርት ቤት በትወና ትምህርት ተቀበላት። በመጨረሻው ዓመት የራሷን ሥራ ጻፈች፤ «ቺዊንግ ገም ድሪምስ» ይባላል፤ «የማስቲካ ሕልሞች» እንበለው። መነባንብ ነው፤ ተዋናይዋ አንዲት፣ ገጸ ባሕርያቱ ብዙ። ትሬሲ የተባለች የ14 ዓመት ልጅ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ ስለ ጓደኛዋ፣ ስለ ሰፈሯ ወንዶች ታወራለች፤ በምታወራበት ጊዜ እነዚያን ሰዎች ሁሉ ኮል ራሷ ትሆናቸዋለች። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2012 ያርድ በተባለ ትንሽ የለንደን ቴአትር ታየ፤ በ2014 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ ወጣ። በ2015 ደግሞ «ቺዊንግ ገም» በሚል ስም የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሆነ፤ ስድስት ስድስት ክፍል ያላቸው ሁለት ምዕራፎች ተሠሩለት። በ2016 ኮል ሁለት የባፍታ ሽልማት አገኘች፤ አንዱ ለኮሜዲ ትወናዋ፣ ሌላው ብቅ ላለ አዲስ ተሰጥኦ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሽግግሩን እንመርምር፤ ትምህርቱ ያለው ከሽልማቱ በፊት ባለው ሥራ ውስጥ ነውና።

የመነባንብ ጸሐፊ የሆነ ተዋናይ አንድ ያልተለመደ ፈተና ያልፋል። በአንድ አካል፣ ያለ ልብስ ለውጥ፣ ያለ መብራት እገዛ፣ ተመልካቹ «አሁን የምትናገረው እናቲቱ ናት፤ አሁን ደግሞ መምህሩ ነው» ብሎ እንዲለይ ማድረግ አለበት። መለያው ንግግሩ ብቻ ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገሩን አይጨርስም። ሌላው በጥያቄ ይጀምራል። ሦስተኛዋ እግዚአብሔርን ሳትጠራ አንድ ነገር አትናገርም። ይህን ልዩነት በቃሉ ውስጥ ካላስቀመጠ መድረኩ ላይ ይዋረዳል፤ ውርደቱም ወዲያውኑ፣ በዚያው ምሽት፣ በፊት ለፊቱ ነው። ኮል ለቴሌቪዥን ስትጽፍ እነዚያን ገጸ ባሕርያት ለተለያዩ ተዋንያን አከፋፈለች፤ ድምፆቹ ግን አስቀድመው ተለይተው ነበር። ብዙ የእኛ ድራማዎች የሚወድቁት በዚህ ይመስለኛል፦ ስም ሸፍነን ቃለ ተውኔቱን ብናነብ ዳኛውንና ጫኙን፣ አያቱንና የልጅ ልጇን መለየት አንችልም። ሁሉም እንደ ጸሐፊው ይናገራሉ።

የዙምባራን ጨዋታ የምታውቁ ይህን በቀላሉ ትረዱኛላችሁ። እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም ተራቸውን ጠብቀው ሲገቡ ነው። ማንም ብቻውን ዜማውን አይዘውም። ጥሩ ቃለ ተውኔት እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የራሱ ድምፅ አለው፤ የጸሐፊው ሥራ መግቢያውን መወሰን ነው። በርታዎች በሙዚቃ የሚያውቁትን ነገር እኛ በስክሪፕት ገና እየተማርን ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው ለውጥ የዕድሜ ነው። በመድረክ 14 ዓመት የነበራት ትሬሲ በቴሌቪዥን 24 ዓመት ሆናት። ለምን? መድረክ ስምምነት ነው፤ ትልቅ ሰው ቆሞ «ልጅ ነኝ» ቢል ተመልካቹ ያምነዋል። ካሜራ ፊት ለፊት ቀርቦ ቆዳን ስለሚያይ ይህን ስምምነት አይፈርምም። ዕድሜው ሲጨምር ግን ሌላ ጥቅም ተገኘ፦ በ24 ዓመቷ እንደ ልጅ የምታስብ ሴት፣ በጥብቅ ሃይማኖተኛ እናት ቤት የምትኖር፣ ከ14 ዓመት ልጅ የበለጠ ታስቃለች፤ የበለጠም ታሳዝናለች። ሦስተኛው ነገር ሳይለወጥ የቀረው ነው። ትሬሲ በቴሌቪዥንም ዘወር ብላ ካሜራውን እያየች ለተመልካቹ ታወራለች። ይህ ከመነባንቡ በቀጥታ የመጣ ነው። እንግዲህ ኮል ከመድረክ የሚጠቅማትን ለይታ ያዘች፣ ካሜራ የማይቀበለውን ለይታ ጣለች። ከመድረክ የመጣ ጸሐፊ ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ምርጫ ነው።

ምርጫው ለምን ከባድ እንደሆነ በእኛው ሀገር ምሳሌ ላሳይ። ከወንዝ ዳር ወርቅ ሲያጥብ ሰንብቶ ባዶ እጁን የሚመለስ ልጅ አለ እንበል። የመድረክ ጸሐፊ በኋለኛው ረድፍ የተቀመጠውን ተመልካች ስለሚያስብ ልጁን ያናግረዋል፦ «እማዬ፣ ሦስት ሳምንት ውኃ ውስጥ ቆሜ ምንም አላገኘሁም።» ትክክል ነው፤ የመድረክ ቃል ወደ ኋላ መድረስ አለበት። ለቴሌቪዥን ስትጽፉ ግን ልጁ ገበቴውን ከበሩ ኋላ ያስቀምጣል። እናቱ ጀበናውን ልትጥድ ተነሥታ ነበር፤ ገበቴው የተቀመጠበትን ቦታ ታያለች። ጀበናውን ትጥደዋለች፤ ስለ ወርቁ ሳይሆን «ፀሐዩ እንዴት ነው እዚያ?» ትለዋለች። ነገሩ ተነግሯል፤ ማንም አልተናገረውም። የመድረክ ተዋናይ ይህን መጻፍ የሚችለው ከባድ ዝምታን በመድረክ ላይ ተሸክሞ ስለሚያውቅ ነው፤ የማይችለው ደግሞ ዝምታውን በቃል መሙላት ስለለመደ ነው። ሁለቱም በአንድ ሰው ውስጥ አሉ።

ወደ ኮል እንመለስ። ሁለተኛው ትልቅ ሥራዋ የተወለደው ከጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በኤድንብራ የቴሌቪዥን ፌስቲቫል ላይ ባደረገችው ንግግር፣ የ«ቺዊንግ ገም»ን ሁለተኛ ምዕራፍ ሌሊት እየጻፈች ሳለ ለአጭር ጊዜ ከጓደኛዋ ጋር ልትዝናና ወጥታ፣ ራሷን ስታ በማታውቃቸው ሰዎች የጾታ ጥቃት እንደተፈጸመባት ገለጸች። ከዚህ ተነሥታ «አይ ሜይ ዲስትሮይ ዩ» የተባለውን ድራማ ጻፈች። እንደገለጸችው 191 ረቂቅ ጽፋለታለች። አንድ መቶ ዘጠና አንድ። (ከእናንተ መካከል ሦስተኛ ረቂቅ ስጠይቅ ፊቱን ያጠቆረብኝ ተማሪ እዚህ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም።) ድራማው በ12 ክፍሎች እ.ኤ.አ. በ2020 በቢቢሲና በኤችቢኦ ታየ። መሪ ገጸ ባሕርይዋ አራቤላ ጸሐፊ ናት፤ የደረሰባትን ነገር ቁርጥራጭ ትዝታ እያሰባሰበች ታሪኩን ትፈልጋለች። ኮል ጻፈችው፣ አብራ አዘጋጀችው፣ መሪውንም ራሷ ተጫወተች። ከጓደኞቿ አንዱን የሚጫወተው ፓፓ ኤሲዱ ጊልድሆል አብሯት የተማረ የመድረክ ተዋናይ ነው።

የመጨረሻው ክፍል ለእኛ ሙያ ልዩ ትርጉም አለው። አራቤላ ጥቃቱን ያደረሰባትን ሰው በመጠጥ ቤቱ ስታገኘው ምን እንደምታደርግ ድራማው አንዴ አይነግረንም፤ ደጋግሞ ያሳየናል። አንድ ጊዜ ትበቀለዋለች፤ አንድ ጊዜ ሰውየው ተሰብሮ ታየዋለች፤ አንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ይመጣል። ይህን ያዩ ብዙ ተመልካቾች እንደ አዲስ የፊልም ዘዴ አደነቁት። የቴአትር ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል፦ ልምምድ ነው። በልምምድ ክፍል ውስጥ አንድን ትዕይንት በቁጣ፣ ቀጥሎ በፍርሃት፣ ቀጥሎ በርኅራኄ እንሠራዋለን፤ የትኛው እውነት እንደሆነ የምናውቀው ሰውነታችን ሲነግረን ነው። ኮል ያንን ሂደት ከመጋረጃ ጀርባ አውጥታ ራሱን ፍጻሜ አደረገችው፤ ጉዳት የደረሰበት ሰው በአእምሮው ውስጥ የሚያደርገውም ይኸው በመሆኑ ቅርጹና ጉዳዩ ገጠሙ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በአጭር ተከታታይ ድራማ ድርሰት የኤሚን ሽልማት አገኘች፤ በዚያ ዘርፍ ለተሸለመች ጥቁር ሴት የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያው ዓመት ባፍታም በትወናና በድርሰት ሸለማት።

ከሽልማቱ በፊት ግን አንድ ውል አለ፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብሄድ ንግግሬ ግማሽ ይሆናል። ኔትፍሊክስ ለዚህ ድራማ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ሚሊዮን ዶላር አቅርቦላት ነበር። ኮል ከቅጂ መብቱ የተወሰነ ድርሻ እንዲቀርላት ጠየቀች፤ ከ5 በመቶ ተነሥታ እስከ ግማሽ በመቶ ዝቅ አለች። አሠራሩ ይህን አይፈቅድም ተባለች። እርሷም ገንዘቡን ትታ ወጣች፤ ቢቢሲ መብቱንና የፈጠራ ነጻነቱን አክብሮ ተቀበላት። ይህን ታሪክ ለጀግንነት አልጠቅሰውም፤ ኪራይ የሚከፍል ወጣት ጸሐፊ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይመልስ ብሎ መስበክም ድፍረት ነው። የምጠቅሰው ተዋናይ ከሆነ ሰው አንጻር ነው። ተዋናይ ለሥራው ይከፈለዋል፤ ትርኢቱ ሲያልቅ ሒሳቡ ይዘጋል። ይህ ልማድ በውስጡ ስለሰረጸ ጸሐፊ በሆነ ጊዜም ስክሪፕቱን እንደ አንድ ምሽት ትርኢት ሸጦት ይሄዳል። ድርሰት ግን ይቀራል፤ ይደገማል፤ ይተረጎማል፤ ሁለተኛ ምዕራፍ ይወልዳል።

የሀገራችን ሕግ ለዚህ መሠረት አስቀምጧል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። በአዋጁ መሠረት የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በተቀጣሪነት የተሠራ ሥራ ግን በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር የአሠሪው ይሆናል። መብት የሚተላለፈውም በጽሑፍ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ካላችሁት ብዙዎቹ የመጀመሪያ ስክሪፕታችሁን የምትጽፉት ለአንድ ድርጅት የማስተማሪያ ድራማ ይሆናል፤ ስለ ወባ፣ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ምርጫ። መልካም ሥራ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስሜ በሥራው ላይ ይወጣል ወይ? ገጸ ባሕርያቱን በሌላ ሥራ ልጠቀምባቸው እችላለሁ ወይ? ድራማው ሲደገም ወይም በሌላ ቋንቋ ሲሠራ ምን ይደርሰኛል? መልሱ «የለም» ቢሆን እንኳ፣ እያወቁ መፈረምና ሳያውቁ መፈረም አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ወደ አሶሳ ልመለስ። ኮል የጻፈችው የሰፈሯን እንግሊዝኛ ነው። ያ አነጋገር በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከእርሷ በፊትም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚገባው ለወንጀል ወይም ለሣቅ ነበር። እርሷ ያደረገችው ቀልዱን ከተናጋሪው ላይ አንሥታ ለተናጋሪው መስጠት ነው። ትሬሲ ታስቃለች፤ ቀልዱ ግን የራሷ ነው።

በእኛ ኮሜዲ ውስጥ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው እንዴት እንደሚቀርብ ታውቃላችሁ። ግሡን በተሳሳተ ጾታ ይጠራል፤ አዳራሹ ይስቃል፤ ገጸ ባሕርይው ሥራውን ጨረሰ። ይህ የሰነፍ ጽሕፈት ነው፤ ስንፍናውም ካለመስማት የመጣ ነው። አንድ በጉሙዝኛ የሚያስብ ሰው አማርኛ ሲናገር የሚፈጥረው ዐረፍተ ነገር የራሱ ሥርዓት፣ አንዳንዴም የራሱ ውበት አለው። ያንን የሚይዘው ያ ሰው ሆኖ ለመቆም የሞከረ ተዋናይ ነው፤ ሰውን ሆኖ ስትቆም መሳለቅ ይከብዳልና። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በአንድ ቤት ውስጥ ግን በርታኛው፣ አማርኛው፣ ከድንበር ማዶ የመጣው ዐረብኛ እየተፈራረቁ ይነገራሉ። ማን ለማን በየትኛው ቋንቋ እንደሚናገር፣ መቼ ቋንቋ እንደሚቀይር ብቻ ብትመዘግቡ የአንድ ድራማ ግማሽ በእጃችሁ ነው። አባት ሲቆጣ ወደ የትኛው ቋንቋ ይመለሳል? ልጅቷ ምስጢር ስትናገር የትኛውን ትመርጣለች? ይህን የአዲስ አበባ ጸሐፊ በጥናት አያገኘውም።

እንዴት ይጻፍ ለሚለው የምመክረው አሠራር ቀላል ነው። የአሥር ደቂቃ መነባንብ ጻፉ፤ ቢያንስ አራት ሰዎች ይኑሩበት፤ ራሳችሁ ተጫወቱት። የተሠራ ቴአትር ቤት አትጠብቁ፤ የኮል የመጀመሪያ መድረክም ትንሽ ነበር። የመማሪያ ክፍል፣ የወጣት ማእከል፣ የቡና ቤት ጓሮ ይበቃል። ተመልካቾቻችሁ መካከል የምትጫወቷቸው ሰዎች ራሳቸው ይኑሩ፤ የበርታ እናትን የምትጫወት ተማሪ የበርታ እናቶች ፊት ትቁም። የሚስቁበትን፣ የሚያጉረመርሙበትን፣ ተነሥተው የሚሄዱበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ቀጥሎ ያንኑ ጽሑፍ ለካሜራ እንደገና ጻፉት፤ በመድረኩ ከተናገራችሁት ቃል ቢያንስ ግማሹን አውጥታችሁ በድርጊትና በእይታ ተኩት። በበርታኛ ወይም በሽናሽኛ የሚነገረውን በዚያው ቋንቋ ተዉት፤ አማርኛው ከሥር በጽሑፍ ይከተል። የክልሉ ሬዲዮና ቴሌቪዥን በአካባቢው ቋንቋዎች ይሠራል፤ ስለዚህ አሥር ደቂቃው የሚሄድበት ቦታ አለው። እነዚህን ሁለት ጽሑፎች፣ የመድረኩንና የካሜራውን፣ ጎን ለጎን ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ቢሮዬ ክፍት ነው፤ ሦስተኛውን ረቂቅ እንደምጠይቅ ግን ከወዲሁ ይታወቅ።

አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ፤ ከኋላ ረድፍ እጃቸውን ቀድመው ካነሡት እንጀምር።